የጥጥ ጣሳዋ

ጥር 14፣ ረቡዕ

ዛሬም ውሃ የለም። መንገድ ቆፋሪዎቹ ቧንቧውን ከሰበሩ ወዲህ የሆስፒታሉ ሮቶ ሞልቶ አያውቅም። የጥበቃው ሸምሱ በር ላይ አስቁሞኝ፣ «ሲስተር፣ ውሃ የመጣች ቀን እልል እላለሁ። ሙሽራ መጣች ብላችሁ ግልብጥ ብላችሁ እንዳትወጡ» አለኝ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

ሌላ ጨቅላ አተኮሰው። በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ነው። ሦስቱም ሲወለዱ ደህና ነበሩ።

የጨቅላዎቹን ቆዳ የምንጠርግበትን ጥጥ አዘጋጅቻለሁ። ማጽጃው ሳቭሎን ሊያልቅ ነው፤ ጣሳዋ ውስጥ ካለው ላይ ጥቂት ጨምሬ፣ በጀሪካን ውሃ አቅጥኜ፣ አዲስ ጥጥ ከላይ ደረብኩበት። ውዳሴ የታችኛውን ልትደፋው ነበር። «ምን አደረገሽ?» አልኳት። ጎበዝ ነርስ ናት፤ ግን የዛሬ ልጆች መድፋት ይቀናቸዋል። እኔ የሠለጠንኩበት ቤት ምንም አይደፋም ነበር።

ጥር 19፣ ሰኞ

ለዶክተር ሲራክ ጥናት አንዲት እናት አስገባሁ። ቢፍቱ ትባላለች። የላፍቶ ሰዎች ናቸው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚያው ሲያርሱ የኖሩ። የሽርት ውሃዋ ምጥ ሳይመጣ ፈስሶ ሁለት ቀን ቤቷ ተቀምጣለች። ዶክተር ሲራክ የሚፈልገው እንደሷ ያለችውን ነው። ውሃው ቀድሞ ሲፈስ ባክቴሪያ ወደ ማሕፀን ይገባል ወይ? ከገባ፣ ልጁ ከመታመሙ በፊት ደሙ ውስጥ የሚታይ የብግነት፣ የሰውነት መቆጣት፣ ምልክት አለ ወይ? ጥናቱ ይህንኑ ነው የሚጠይቀው። ሲወለድ ከእትብቱ ደም እንወስዳለን፤ ካተኮሰው ደግሞ ከክንዱ። ሰሞኑን የሚያተኩሳቸው ስለበዙ ዶክተር ሲራክ «ናሙናው ጥሩ እየሄደ ነው» ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። እንዲህ ነው የሚነገረው።

ወንድ ወለደች። ጮኸ፣ ቀላ፣ ጠባ። እትብቱን በጥጤ ጠርጌ አሰርኩለት፣ ጭኑን ጠርጌ ቫይታሚኑን ወጋሁት።

የባሏ እናት እማማ ሎሚቱ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ። አንዲት ላም አለቻቸው፤ አሁንም ሕንፃዎቹ መሀል ያስሯታል አሉ። ከሰዓት ዞር ብዬ ስመለስ ሌባ ጣታቸውን ልጁ አፍ ውስጥ አገኘሁት።

«ቅቤ ነው» አሉኝ ሳይደነግጡ። «የትናንት። አንጀቱ እንዲለሰልስለት። አባቱንም እንዲሁ ነው ያደረግሁት፤ ይኸው ቆሟል፣ ምን ጎደለው?»

አባትየው ኮርሳ በር ላይ ስልኩን ያያል።

«ጥርስ» አለች ቢፍቱ ካልጋዋ። ኮርሳ የፊት ጥርሱን አንዷን አውልቋታል። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። የቅቤዋን ቢልቃጥ ተቀበልኳቸው። «አይደገምም» አልኩ።

ጥር 22፣ ሐሙስ

የቢፍቱ ልጅ አተኮሰው። ጡት አልይዝ ብሏል። ውዳሴ ደም ሥሩን ሁለቴ ሞክራ አጣችው። እኔ በአንዴ። መጀመሪያ ቆዳውን ደህና አድርጌ በጥጥ ጠረግሁት፤ ደጋገምኩት። በዚህ አልታማም።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ሞተ። ጠዋት።

ማታ። ሳልጽፈው ብተኛ ይሻል ነበር። ኮሪደሩ ላይ የላፍቶ ሰዎች ነበሩ። ለእንኳን ማርያም ማረችሽ ነበር የመጡት፤ ገንፎውን በሳህን ተሸክመው እንደቆሙ ነው የሰሙት። እማማ ሎሚቱ ክንዴን ይዘው «ምን ነካው ልጄን?» አሉኝ። ደክሞኝ ነበር። ከትናንት ጀምሮ አልተቀመጥኩም።

«ጣትዎ ነው የነካው። የገደለው ቅቤዎ ነው» አልኳቸው።

ድምፄን አልቀነስኩም። እማማ ሎሚቱ ክንዴን ለቀቁት። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አስገቡት። ኮርሳ እናቱን አየ፤ ከዚያ ሁሉም እሳቸውን አዩ። ቢፍቱ በተከፈተው በር ትሰማን ነበር።

የተናገርኩት እውነቱን ነው። አነጋገሬ ሊለዝብ ይችል ነበር።

ጥር 26፣ ሰኞ

ሸምሱም የላፍቶ ሰው ነው። ሳልጠይቀው፣ «ኮርሳ እናቱን አራስ ቤት አትገቢም አላት። ከላሟ ጋር ነው የምታድረው ይላሉ» አለኝ። «ኀዘን ነው፣ ያልፋል» አልኩት። «ሰው ፊት የተነገረ ነገር ያልፋል ብለሽ ነው?» አለና በሩን ለአምቡላንስ ሊከፍት ሄደ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

የላቦራቶሪው ኖላዊ ራሱ መጣ። አብረን ነው የተቀጠርነው፤ ካልጠሩት ከክፍሉ አይወጣም።

«ሙሌ፣ ነገሩ አላማረኝም» አለ። የታመሙት ጨቅላዎች ሁሉ ደም ላይ የበቀለው አንድ ዓይነት ነው፤ ክሌብሴላ የሚባል ባክቴሪያ፣ ያለን መድኃኒት የማይበግረው። የእናቶቹ ናሙና ግን ንጹሕ ነው። የቢፍቱ ልጅ የእትብት ደምም ምንም አላበቀለ፣ ብግነትም አልታየበት።

«ጤነኛ ሆኖ ነው የተወለደው። ያገኘው እዚህ እኛ ዘንድ ነው።»

«ቅቤውስ?» ቢልቃጧን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እርግጠኛ ነበርኩ።

«ቅቤው ሌላ ነገር አብቅሏል፤ የላም ቤት ነገር። ይሄኛው የለበትም።»

«ደህና አድርገህ አይተኸዋል?»

«አንቺ ደህና አድርገሽ እንደምትወጊው።»

ሰኞ ይመጣል። ማጠቢያውን፣ አልጋውን፣ ሳሙናውን፣ የኛንም እጅ ጠርጎ ናሙና ሊወስድ። «ጣሳሽንም» አለኝ። «ጣሳዬን ለምን?» «ሕፃን የሚነካውን ሁሉ ነዋ።»

ላፍቶ ድረስ ሄጄ ልንገራቸው ብዬ አስቤ ነበር። ውጤቱ ይሟላ። ግማሽ ወሬ ይዞ መሄድ ምን ይጠቅማቸዋል?

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ጣሳዋን አጠብኳት። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፤ ሌላ ምክንያት የለውም። እስከ ታች ስገለብጣት ሥር የነበረው ጥጥ ግራጫ ሆኗል፣ ያሙለጨልጫል። መቼ የገባ እንደሆነ አላውቅም። በከረጢት ቋጥሬ ራሴው ማቃጠያው ድረስ ወሰድኩት። ጣሳዋን ቀቀልኳት። የማቀጥንበትንም ውሃ አፈላሁት።

ውዳሴ አየችኝ። «ሲስተር፣ ሚኒስትር ሊመጣ ነው እንዴ?» አለች። «ኖላዊ ነው የሚመጣው» አልኳት። «ታዲያ ለኖላዊ ይሄ ሁሉ፣ ነገር አለ ማለት ነው» ብላ ሳቀች።

እጄ ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቦም ያን ልስላሴ አልለቀቀውም።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ኖላዊ መጣ። ሁሉንም ጠረገ። ጣሳዋን ከፍቶ አየት አደረጋትና፣ «ሙሌ፣ ይቺማ ለሠርግ ተዘጋጅታለች» አለ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ጣሳዋ ንጹሕ ናት። አልጋዎቹ ንጹሕ። የማጠቢያው ጉድጓድ ላይ የሆነ ነገር አለ፤ ያው ግን አይደለም። ኖላዊ ራሱን ያካል። «የሆነ ቦታ አለ። ከየት እንደሚመጣ አልገባኝም» ይላል።

ተመስገን አልኩ። ጮክ ብዬ።

የካቲት 21፣ ዓርብ

የጾሙ መጀመሪያ ሳምንት። ካጠብኳት ወዲህ ያተኮሰው ጨቅላ የለም።

አሁን የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። ኖላዊ ክፍሉን ካየ ወዲህ ማለቴ ነው።

ዶክተር ሲራክ ደስ ብሎታል። ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ አስለጥፏል፦ «ለጨቅላ ሕፃን ቅቤ መስጠት ክልክል ነው»። በሽታው የቆመው ከማስታወቂያው ወዲህ ነው ይላል። የእማማ ሎሚቱን ነገር እኔ ነኝ የነገርኩት። የኖላዊን የቅቤ ውጤት ሳነሳበት፣ «አንድ ቢልቃጥ ነው ሲስተር። አንድ ቢልቃጥ ማስረጃ አይሆንም» አለኝ። በጥናቱ ጽሑፍ ውስጥ ሊያስገባው ነው። ቅቤውም ቢሆን ለጨቅላ ጥሩ ነገር አይደለም። ይሄ ሐሰት የለውም።

ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ሳትገባ ቀድሜ እገባለሁ። የተረፈውን እደፋለሁ፣ ጣሳዋን እቀቅላለሁ፣ ጥጡን በአዲስ እሞላለሁ። ለውዳሴ መንገር ይገባኛል። ብነግራት «ለምን?» ትለኛለች። ቀጥላ ደግሞ «ከመቼ ጀምሮ?» ትላለች።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

የአጎቴ ሞት። ደብረ ብርሃን። አሁን መሄድ አለብኝ። ወንድሜ ቦጋለ መኪና ይዞ በር ላይ ነው።

ውዳሴን «ጣሳዋን አደራ» አልኳት። «አይጨነቁ፣ ልክ እንዳስተማሩኝ ነው የማደርገው» አለች። አፌን ከፈትኩ። ቦጋለ ጡሩምባውን ነፋ።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ከለቅሶ ተመለስኩ። ዩኒፎርሜን ሳልለብስ ውዳሴ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። «ሲስተር፣ መልሶ መጣ» አለች።

እናቲቱ ዶርቃ ትባላለች። ለቡ፣ ሕንፃ ሥራ ላይ አሸዋ የምታመላልስ ልጅ። ከወላይታ የመጣች ናት፤ ጠያቂ የላትም። ቅቤ ይዞ የመጣ የለም። ጸበል ይዞ የመጣም የለም። ማስታወቂያው ሥር ነው አልጋዋ። ልጇ ሴት ናት፤ ሰኞ ተወልዳ ትናንት አተኮሳት።

«ስም አውጡላት» አለችኝ። «እዚህ ከርስዎ ሌላ ትልቅ ሰው አላውቅም።»

«ትዳንና» አልኳት።

ጣሳዋን ከፈትኩ። እስከ አፏ ሞልታለች። ከላይ ያለው ጥጥ ነጭ ነው።

«ምንም አልደፋሁም» አለች ውዳሴ። ምስጋና ትጠብቅ ነበር።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

የዶርቃ ልጅ ሞተች።

የሚያለቅስላት ሰው ስላልነበረ የጎን አልጋ ሴቶች ተነሥተው አለቀሱላት። ዶርቃ እኔን «ጥፋቴ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። «ሸክም ስላበዛሁ ይሆን?» «አይደለም» አልኳት። ታዲያ ምንድን ነው አላለችኝም። እንደሷ ያሉ ሰዎች ታዲያ ምንድን ነው አይሉም።

ጣሳዋን ረቡዕ ዕለት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌባት ነበር። ከሥሯ ያለውን ጥጥ በጓንት አውጥቼ ለኖላዊ ወሰድኩለት።

«የምን ናሙና ልበለው?»

«ጥጥ በለው።»

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

«ያው ነው» አለ ኖላዊ።

ተቀመጥኩ። ከትልቁ ማይክሮስኮፕ አጠገብ ያለችው በርጩማ እግሯ ይወዛወዛል። እኔ የማውቀውን ነገር ያብራራልኝ ጀመር። ሳቭሎን ሲቀጥን ይደክማል፤ ጥጥ ደግሞ የቀረውን ጉልበቱን ይመጠዋል፤ ውሃው ከጀሪካን ነው። ከላይ በተጨመረበት ቁጥር ከታች ያለው ይራባል። ቆዳ ሲጠረግበት፣ መርፌው ተከትሎ ሲገባ...

«በቃህ» አልኩት።

«ቆይ እንጂ። የካቲት ላይ ንጹሕ ነበረች። ናሙናውን በገዛ እጄ ነው የወሰድኩት።»

አላየሁትም። እሱ ግን አየኝ።

«ሠርግ» አለ። ጓንቱን አውልቆ ሊታጠብ ሄደ፤ ቧንቧው ውሃ አልነበረውም።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ለዶክተር ሲራክ ነገርኩት። ጣሳዋን፣ ጥጡን፣ የማዘጋጀው እኔ መሆኔን። ለረጅም ጊዜ እስክሪብቶውን ሲያገላብጥ ቆየ።

«የግል ጥፋት አድርገው አይውሰዱት ሲስተር» አለኝ። «የአሠራር ጉድለት ነው። ሳቭሎን ቢኖር፣ ውሃ ቢኖር...»

«የካቲት ላይ ኖላዊ ሳይመጣ አጥቤያታለሁ።»

«እሱን አሁን ማንሣቱ አስፈላጊ አይመስለኝም።»

ከዛሬ ጀምሮ ጣሳ የለም፤ የታሸገ የአልኮል ጥጥ እስኪገዛ ድረስ ጥጡ ለእያንዳንዱ ሕፃን በየጊዜው ይዘጋጃል። ይሄን ወዲያው አዘዘ። ጥናቱ በሌላ መልክ ይጻፋል፤ የማንም ስም አይነሣም። ማስታወቂያውን ላንሣው ወይ ስለው፣ «ቅቤው መከልከሉ ትክክል ነው፣ ይቆይ» አለ።

ከቢሮው ስወጣ ቀሎኝ ነበር። ይሄንን መጻፍ አለብኝ። ደረጃው ላይ ስደርስ ቀሎኝ ነበር።

ውዳሴን ጠርቼ ነገርኳት። አለቀሰች። «እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለች። «አንቺ አይደለሽም። ያስተማርኩሽን ነው ያደረግሽው» አልኳት። «ታዲያ ሲሄዱ ለምን አልነገሩኝም?»



መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ላፍቶ ሄድኩ። ሸምሱ እስከ በራቸው አደረሰኝና ራቅ ብሎ ቆመ። ከአንድ ባለ አራት ፎቅ ጀርባ ነው፤ ቆርቆሮ አጥር፣ የጭቃ ቤት፣ ባዶ በረት። እማማ ሎሚቱ ደጅ ጉቶ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ነጠላ ውስጥ ነው። ከቤት ውስጥ የሕፃን ድምፅ ይሰማል፤ የኮርሳ እህት ወልዳ መጥታለች። አንዲት ሴት ሕፃኑን ታቅፋ ወጣች፣ እኛን አልፋ ፀሐይ ላይ ቆመች። እማማ ሎሚቱ ቀና ብለው አላዩም።

«ላሚቱስ?» አልኳቸው። ሌላ የምጀምርበት አጣሁ።

«ቅቤዋን ማን ይበላል? ሸጥናት።»

ነገርኳቸው። ቅቤው እንዳልነበረ። ሆስፒታሉ ውስጥ እንደነበረ፣ እኔ የማዘጋጀው ጥጥ ላይ እንደነበረ። አማርኛዬን ቀስ አደረግሁት፤ «እሰማለሁ፣ አታዝግሚ» አሉኝ።

«አንቺ ያን ቀን በጆሮዬ ነው የነገርሽኝ?»

«አይደለም።»

«ሰው ፊት ነው። ገንፎ የያዙት ሁሉ ሰምተዋል። ይቺን ጣት» አሉ፣ እጃቸውን ግን አላወጡም፣ «አገር ያውቃታል አሁን። ለብቻዬ ብትነግሪኝ እኔ ምን አደርገዋለሁ? ጣቴን እኔማ አውቃታለሁ።»

«ምን ላድርግ እማማ?»

«እሑድ ዕድር አለ። ነይ፣ ቆመሽ መልሺው። አለዚያ ዛሬም ባትመጪ ይሻል ነበር።»

መጋቢት 28፣ እሑድ

ሄድኩ። የዕድሩ ቤት ሞልቶ ሰው ደጅም ቆሟል። ሰብሳቢው አቶ ሮበሌ «ሲስተር፣ አጠር ይበል፤ የመቃብር ቦታ ጉዳይ ገና አልተነሣም» አሉኝ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

ቆምኩ። አጭር ነበር። ቅቤው አይደለም። በሽታው የኛ ክፍል ነበረ። ቆዳ የምንጠርግበት ጥጥ ነው፤ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። እማማ ሎሚቱን ያለ ጥፋታቸው ሰው ፊት ከስሻለሁ፤ ሰው ፊት ይቅር ይበሉኝ። ተቀመጥኩ።

እማማ ሎሚቱ አላዩኝም። እጃቸውን ከነጠላቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ኮርሳ መሬት መሬቱን ያያል።

ቢፍቱ ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። ከስታለች።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለችኝ።

«መጋቢት» ልል ነበር። ውጤቱ የወጣው መጋቢት ነው። ማንም የሚያስተባብለኝ አልነበረም።

«የካቲት» አልኩ።

በሆዷ ስታሰላ አየኋት።

«ከዚያ ወዲህ የሞተ አለ?»

«አንዲት ልጅ።»

«እናቷ ሰምታለች?»

«አልሰማችም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ልክ በሩ ላይ የቆመን ሰው አሳልፉኝ እንደሚሉት። እናም ተቀመጠች። አቶ ሮበሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ መቃብሩ ጉዳይ አለፉ።

ዶርቃ ያለችው ለቡ ነው። ከላፍቶ አንድ ታክሲ ነው። ቤቷን አላውቀውም፤ የምትሠራበትን ሕንፃ ግን ነግራኛለች፤ እሑድም ይሠራሉ። ለልጅቷ ስም አላወጣሁላትም።

ይህን የምጽፈው ታክሲው ውስጥ ተቀምጬ ነው። ገና አልሞላም። በሩ ክፍት ነው፣ መውረድ ይቻላል። ረዳቱ «ለቡ፣ ለቡ፣ አንድ ሰው የቀረው» እያለ ይጣራል። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አስቀድመው ገቡ። ጠጋ አልኩላቸው።

ረዳቱ በሩን ዘጋው።